ዶክመንቴሽን ሲከፈት ምን ይታይ? ምሳሌው ታጥፎ ወይስ ተዘርግቶ?

የማታ ክፍል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሳምንት ሙሉ የተከራከርንበትን ጉዳይ ላምጣላችሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩ ከየት እንደተነሳ ልንገራችሁ።

ማታ ማታ ፓይተን አስተምራለሁ። ላቡ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ያረጁ ናቸው፤ የተጫነባቸው ዊንዶውስ 7 ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ስለሆነ ሁላችንም እሱን ነው የምንጠቀመው። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ብዙ ስልክ ቁጥር ያለበት ፋይል ይዛ መጣች። ከየቁጥሩ ፊት ያለውን +251 ማንሳት ነው የፈለገችው። የፓይተንን ይፋዊ ዶክመንቴሽን ከፍታ የስትሪንግ ሜተዶችን አንድ በአንድ ስታይ «ሪሙቭፕሪፊክስ» የሚለውን አገኘች። ስሙም ምሳሌውም ልክ የምትፈልገው ነው። ጻፈችው። ኤረር መጣ፦ ስትሪንግ እንዲህ የሚባል ነገር የለውም አላት። ፊደል የሳተች መስሏት ደግማ ጻፈች። ከዚያ ከገጹ ላይ ኮፒ አደረገች። ያው ነው። እኔ ጋ ስትመጣ «መምህር፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋችም። ያ ሜተድ የገባው በ3.9 ነው። ገጹ ላይ ተጽፏል፤ ግን ከማብራሪያውም ከምሳሌውም በታች፣ መጨረሻው ላይ። የምትፈልገውን ምሳሌ ያገኘ ሰው ደግሞ ወደ ታች አይወርድም። ሊንኩ ዝም ብሎ 3 የሚል ከሆነ ሁልጊዜ አዲሱን ቨርዥን ነው የሚያመጣው። ቨርዥን መቀየሪያው ከላይ በስተግራ ጥግ ላይ አለ። ክፍሉን ጠየቅኩ፤ ከመሃላቸው አይቶት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልጅቷ በራሷ ሌላ መንገድ ፈልጋ «ኤልስትሪፕ» የሚለውን ሜተድ አገኘችና +251 ሰጠችው። በ9 የሚቀጥሉት የሞባይል ቁጥሮች ልክ ሆነው ወጡ። በ+25111 የሚጀምሩት የመሥሪያ ቤት ቁጥሮች ግን ተበላሹ። ምክንያቱም ያ ሜተድ «+251» የሚለውን ቃል አይደለም የሚያነሳው። +፣ 2፣ 5 እና 1 ከፊት እስካገኘ ድረስ በየትኛውም ቅደም ተከተል ሁሉንም ይጠርጋል። ቁጥሮቹ ከእነዚህ ውጭ የሆነ አኃዝ እስኪመጣ ድረስ ተበልተዋል። ይሄም ዶክመንቴሽኑ ላይ አለ፤ ያውም ምሳሌው ላይ ፊት ለፊት ይታያል። አብረን ስናየው «እንዴ!» ብላ ገባት። ማብራሪያውን ሁለት ጊዜ አንብባው ነበር፤ የገባት ግን ምሳሌውን ስታይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን፣ የፈረንጁን ወደኛ የሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ ከጓደኞቼ ጋር እየሠራን ነው። ማጣቀሻ ዶክመንቴሽኑን በስፊንክስ፣ የዶክመንቴሽን ገጽ በሚያመነጨው መሣሪያ፣ እያዘጋጀን ነው። አንደኛው ጓደኛዬ «ገጹ ንጹህ ይሁን፤ የፈንክሽኑ ስምና አንድ መስመር ብቻ ይታይ፤ ምሳሌው ሲነኩት ይዘርጋ» ይላል። እኔ ምሳሌው ተዘርግቶ ይቅረብ ባይ ነኝ። ለምሳሌ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ብትሰጡት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይመልሳል። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ብትሰጡት ግን ኤረር ነው፤ በ2016 ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ናት። ይሄ ያለው ምሳሌው ውስጥ ነው። ከታጠፈ ማን ያየዋል?

ስለዚህ ያላችሁን ልምድ ንገሩኝ። ምሳሌ ይታጠፍ አይታጠፍ? ቨርዥኑ የት ይጻፍ? ለውስጥ ሥራ ብቻ የጻፍናቸው ፈንክሽኖችስ ይታዩ? «ሴቲንግ አስገባበትና ሰው እንደፈለገ ይቀይረው» እንዳትሉኝ። ተማሪዎቼ ሴቲንግ አይነኩም።

---

ጎላንግ በቀን

ወንድሜ፣ ይሄ ጉዳይ እኔንም ያንገበግበኛል።

ጎላንግ የሚባለውን ቋንቋ ስጀምር ቀን በዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጌ ማተም ፈለግኩ። ከሌላ ቋንቋ ስለመጣሁ አራት ዋይ፣ ሁለት ኤም፣ ሁለት ዲ ብዬ ጻፍኩ። የታተመው ምን መሰላችሁ? ያው ራሱ የጻፍኳቸው ፊደሎች። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ጎላንግ ቀን የሚያትመው በናሙና ቀን ነው፤ 2006-01-02 ብለህ ነው ቅርጹን የምትነግረው። ለለመደው ቀላል ነው፤ ለአዲስ ሰው ግን በማብራሪያ ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም። እኔ ማብራሪያውን አንብቤ አልገባኝም። ከሥሩ «ምሳሌ» የምትል አንዲት ቃል ከትንሽ ቀስት ጋር ነበረች። ርዕስ መስላኝ አለፍኳት። የምትነካ መሆኗን ያወቅኩት ከቀናት በኋላ ነው። ስነካት እዚያ ውስጥ ሁሉም ነገር ነበር። የናሙናውን ቀን እየለዋወጠ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚሰጥ እያሳየ፣ በቅደም ተከተል።

የጎላንግ ፓኬጆች ገጽ ምሳሌዎችን በዲፎልት፣ ማለትም ማንም ሴቲንግ ሳይነካ፣ አጥፎ ነው የሚያቀርበው። ምክንያቱ ይገባኛል። የኤችቲቲፒውን ፓኬጅ ከፍታችሁ እዩት፤ ሁሉም ምሳሌ ቢዘረጋ ማለቂያ የለውም። ሌላም የማደንቀው ነገር አለ። እነዚህ ምሳሌዎች ጌጥ አይደሉም፤ ከቴስት ፋይሎች ጋር ነው የሚጻፉት። መጨረሻቸው ላይ የሚጠበቀው ውጤት በኮሜንት ይቀመጣል፤ ቴስት ሲሮጥ ከእውነተኛው ውጤት ጋር ይነጻጸራል። ካልገጠመ ቴስቱ ይወድቃል። ስለዚህ ምሳሌው ያረጀ ነው ብለህ አትጠረጥረውም። ከገጹ ላይ ሆነህም ማስኬድ ትችላለህ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የተሠራ ነገር ነው መጀመሪያ የሚደበቀው። ይሄ ነው የሚቆጨኝ።

የኔ ምክር፦ ለእያንዳንዱ ፈንክሽን የመጀመሪያውን ምሳሌ ዘርጋው፤ ሌላው ይታጠፍ። የመጀመሪያው ምሳሌም ያው የጳጉሜው ይሁን። መስከረም 1ን የሚቀይር ምሳሌ ለማንም ምንም አያስተምርም።

ለውስጥ ሥራ ስለጻፋችኋቸው ፈንክሽኖች፦ ደብቃቸው። ጎላንግ ላይ በትንሽ ፊደል የሚጀምር ስም ከፓኬጁ ውጭ አይታይም፤ ዶክመንቴሽኑም በዲፎልት አያሳየውም። ማየት የፈለገ ተርሚናል ላይ የጎ ዶክን ትእዛዝ ከሰረዝ ዩ ጋር ይጽፋል። እስከዛሬ ያንን ፈልጌ የተጠቀምኩት ኮዱን ራሱን ልቀይር ስነሳ ብቻ ነው።

---

ታክሲ ላይ የማነብ

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ሆኖም ስለ ስልክ ማንም ስላላነሳ ልጻፍልዎት ብዬ ነው።

ላፕቶፕ የለኝም። ዶክመንቴሽን የማነበው በስልኬ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ስመለስ ታክሲ ላይ። ቨርዥን መቀየሪያው ጥግ ላይ አለ ያሉት ኮምፒውተር ላይ ነው። ስልክ ላይ ከነጭራሹ አይታይም፤ ሦስት መስመር ያለውን ሜኑ ከነኩ በኋላ ነው የሚመጣው። የእርስዎ ተማሪዎች ቤታቸው በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ቢፈልጉትም አያገኙትም።

ምሳሌ ይታጠፍ የሚለውን እኔ እደግፋለሁ። አንደኛ ስክሮል ማድረግ ይሰለቻል፤ አንድ ፈንክሽን ለማግኘት አውራ ጣቴ እስኪደክም እወርዳለሁ። ሁለተኛ ደግሞ ዳታ ይቆጥባል። ያልከፈትኩት ምሳሌ ፓኬጄን አይበላብኝም።

ሌላ ያስቸገረኝን ነገር ልንገርዎት። የፓይተን ምሳሌዎች ከፊታቸው >>> አለባቸው። የመጀመሪያ ሰሞን ከነምልክቱ ሰሌክት አድርጌ ኮፒ አድርጌ ፋይል ውስጥ እለጥፈው ነበር። ሲንታክስ ኤረር ይለኛል። >>> የቋንቋው አንድ ክፍል ይመስለኝ ስለነበር ከእያንዳንዱ መስመር በፊት እሱን መጻፍ ተለማምጄ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ናት ያስጣለችኝ። ኮምፒውተሩ «ጻፍ» የሚልበት ምልክት እንጂ እኛ የምንጽፈው እንዳልሆነ የነገረችኝ እሷ ናት። እባክዎ የእናንተው ላይ ኮፒ ሲደረግ ምልክቱ አብሮ እንዳይመጣ ያድርጉልን።

---

ጎላንግ በቀን

ታክሲ ላይ የማነብ፣ የዳታው ነገር እንዳያሳስትህ። የታጠፈ ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ ከገጹ ጋር አብሮ ወርዷል፤ ብሮውዘሩ አላሳየህም እንጂ። ከፈትከውም አልከፈትከውም ፓኬጅህ ላይ ያለው ለውጥ ያው ነው። ሲነኩት ከሰርቨር የሚያመጡ ገጾችም አሉ፤ እነሱ ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥብህ ምሳሌውን ጭራሽ አይሰጡህም። ስለ ስክሮሉ ያልከው ግን እውነት ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ስጽፍ አላሰብኩትም ነበር።

---

ብረት ለባሽ

ራስት በሚባለው ቋንቋ ነው የምሠራው፤ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ። እዚህ ላይ ሁላችሁም ስለ ርዝመት ነው የምትከራከሩት። ርዝመቱን ትታችሁ ጽሑፉን ማን እንደጻፈው ተመልከቱ።

የራስትን «ቬክ» (የዝርዝር ዓይነት ነው) ገጽ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። የራሱ ሜተዶች አሉ። ከዚያ ስላይስ ከሚባለው ሌላ ዓይነት የሚያገኛቸው ሜተዶች ይከተላሉ። ከዚያ ቬክ የሚያሟላቸው ትሬይቶች (አንድ ዓይነት እንዲያሟላቸው የሚጠበቁ የሜተድ ስብስቦች) ዝርዝር። ከዚያ ደግሞ ለሁሉም ዓይነት በጅምላ የተሰጡ ትሬይቶች አሉ፤ እነሱ በሌላው ዓይነት ገጽ ላይም ሄደህ ብታይ ራሳቸውን ታገኛቸዋለህ። ይሄ ሁሉ ቢዘረጋ ሰው ይሰምጣል። የራስት ዶክመንቴሽን አመንጪው ራስትዶክ በዲፎልት የሚያደርገው ይሄን ነው፦ የሜተዶቹን ማብራሪያ ከነምሳሌው ዘርግቶ ያቀርባል፤ በጅምላ የተሰጡትን ትሬይቶች ደግሞ ያጥፋቸዋል። ሰው አስቦበት የጻፈው ክፍት ነው፤ ማሽን ሰብስቦ የደረደረው ታጥፏል። ገጹ ረጅም ነው፣ አዎ። ግን ሳነበው የምወርድበት መስመር ሁሉ የሆነ ሰው ለኔ ብሎ የጻፈው ነው።

ስለዚህ ጎላንግ በቀን «የመጀመሪያው ይዘርጋ፣ ሌላው ይታጠፍ» ባልከው አልስማማም። ሁለተኛውን ምሳሌ የጻፈው ሰው በከንቱ አልጻፈውም። መታጠፍ የሚገባው ከመሰለህ ምናልባት መጻፍም አልነበረበትም። መምህሩ ሦስት ምሳሌ ካለው ሦስቱንም ይዘርጋ፤ አሥር ካለው ሰባቱን ወደ ትምህርት ገጽ ያውጣ።

ስለ ሴቲንግ የተናገርከው በጣም ልክ ነው፤ እንዲያውም ከምታስበው በላይ። ራስትዶክ ጥሩ የሴቲንግ ገጽ አለው፤ ቀለም መቀየር፣ የሜተዶቹን ማብራሪያ በራሱ እንዲያጥፍ ማድረግ፣ የኮድ መስመር ቁጥር እንዲታይ ማድረግ ሁሉ ይቻላል። የመረጥከው ግን የሚቀመጠው ብሮውዘርህ ውስጥ ነው፣ ያውም ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ። የስታንዳርድ ላይብረሪው ገጽ ላይ ያስተካከልኩት የሌሎች ላይብረሪዎች ዶክመንቴሽን ያለበት ድረ ገጽ ላይ አልሠራልኝም፤ እንደገና ነው ያስተካከልኩት። የራሴው ማሽን ላይ ያመነጨሁትም እንዲሁ ሌላ ነው። አሁን ይሄን ወደ አንተ ላብ ውሰደው። አንድ ኮምፒውተር በቀን አምስት ሰው ይቀመጥበታል። ማታ ሲዘጋ ብሮውዘሩ የሚጸዳ ከሆነማ የመረጡት ሁሉ አብሮ ጠፋ። ለእነሱ ዲፎልቱ ነው ሴቲንጉ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ካጠፍክ በኮንትሮል ኤፍ ሲፈለግ ምን እንደሚሆን ሞክረው። «ዲቴይልስ» በሚለው የኤችቲኤምኤል ታግ ከታጠፈ ክሮም ቃሉን ሲያገኝ ራሱ ይከፍተዋል። በራስህ ጃቫስክሪፕት ሙሉ በሙሉ ከደበቅከው ግን ቃሉ ገጹ ውስጥ እያለ «የለም» ይልሃል። ተማሪህ «ጳጉሜ» ብላ ፈልጋ ዜሮ ውጤት ካየች ላይብረሪያችሁ ስለ ጳጉሜ አያውቅም ብላ ትሄዳለች። ይሄኛውን እኔ ራሴ አድርጌው አውቃለሁ፤ የመሥሪያ ቤታችንን የውስጥ ዶክመንቴሽን በታብ ከፋፍዬ ሰዎች አንድ ወር ሙሉ «ይሄ ነገር አልተጻፈም» እያሉ እኔኑ ይጠይቁኝ ነበር። ተጽፎ ነበር፣ ሦስተኛው ታብ ውስጥ።

---

ጥቁር ስክሪን

ቀለሙንስ ማን ያንሳው? ማታ ክፍል ከሆነ ዲፎልቱ ዳርክ ይሁን። ነጭ ገጽ በጨለማ ዓይን ያቃጥላል። መብራት በሄደ ቁጥር በላፕቶፕ ባትሪ የሚያነብ ሰውም አለ።

---

ብረት ለባሽ

ቀለሙን አንተም አትምረጥ፣ መምህሩም አይምረጥ። ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ ዳርክ ላይ ከሆነ ገጹም ዳርክ ይሁን፤ ካልሆነ ነጭ። የፓይተንም የራስትም ዶክመንቴሽን የማሽኑን ምርጫ መከተል ይችላሉ፤ ለብሮውዘር ጥቂት መስመር ሲኤስኤስ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ በስልክ ለሚያነብ ሰው ጥቁር ገጽ መስታወት ነው፤ ፊቱን ነው የሚያየው። ስለ ባትሪው ያልከውም ኦሌድ ስክሪን ላይ እንጂ አብዛኛው የቆየ ላፕቶፕ ላይ ልዩነት የለውም፤ እዚያ ከጀርባ ያለው መብራት ገጹ ጥቁርም ሆነ ነጭ ይበራል።

---

ከጃቫ ዘመን

ረጅም ዓመት ጃቫ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ልጆቼ የሚሆኑ ወጣቶችን ፓይተን አለማምዳለሁ። ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ፣ «ማጠፍ ወይስ መዘርጋት» ብላችሁ ሁለት መንገድ ብቻ አታስቀምጡ። ጃቫዶክ ሦስተኛ መንገድ አለው። ከላይ ሠንጠረዥ አለ፤ የእያንዳንዱ ሜተድ ስምና የማብራሪያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተወስዶ ይቀመጥበታል። ሙሉው ማብራሪያ ከታች እዚያው ገጽ ላይ ተዘርግቶ አለ። ስሙን ስትነካው ይወርድልሃል። የተደበቀ ነገር የለም፣ ሆኖም ሁሉንም እያየህ አትወርድም። ያ በስልክ የሚያነበው ልጅ የጠየቀውም ይሄንኑ ይመስለኛል፤ ጣቱ የደከመው ምሳሌ ስለበዛ ሳይሆን የሚዘልበት ቦታ ስላጣ ነው። ይሄ አሠራር ጸሐፊውንም ያስተካክላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ ብቻውን ሠንጠረዥ ላይ እንደሚወጣ ካወቅክ «ይህ ሜተድ የሚያገለግለው» እያልክ አታባክነውም፤ ቀጥ ብለህ ሥራውን ትናገራለህ። ስፊንክስም አውቶሰመሪ በሚባለው ተጨማሪው እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ይሠራል። መምህር፣ እሱን ሞክረው።

ሁለተኛ፣ ሁላችሁም ስለ ድረ ገጽ ነው የምታወሩት። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ተማሪ የሚያየው ዶክመንቴሽን ፓይተን ውስጥ ያለው «ሄልፕ» ነው። ክፈቱና ስለ ስትሪንግ ጠይቁት። ከአጭሩ ማብራሪያ ቀጥሎ የሚመጣው ምንድን ነው? ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ያለባቸው ስሞች። አድ፣ ኮንቴይንስ፣ ኢኪው፣ እያለ ስክሪን ሙሉ ይሄዳል። ጀማሪ በእጁ የማይጠራቸው ሜተዶች ናቸው። የሚፈልገው ትንንሽና ትልልቅ ፊደል መቀየሪያ፣ መፈለጊያ፣ መተኪያ ከዚያ በታች ነው። ስሞቹ በፊደል ተራ ስለተደረደሩና የታች ሰረዝ ከትንንሾቹ ፊደላት ስለሚቀድም ብቻ ነው እንዲህ የሆነው። በየቅንፉ ውስጥ ደግሞ / የሚል ምልክት አለ። ምን እንደሆነ አይነግርህም። ከሱ በፊት ያሉትን በስም ሳይሆን በቦታቸው ብቻ ስጥ ማለት ነው፤ እኛም በ3.8 ወደ ቋንቋው የገባውን የዚህን ምልክት ትርጉም ፈልገን ነው ያገኘነው።

አንዱ ልጅ ይሄን ከፍቶ ወደታች ወርዶ ወርዶ መውጣት አቃተው። ምን ቢጽፍ አይሰማውም። ተርሚናሉን ዘጋው፣ የጻፈው ሁሉ ጠፋ። ኪው የሚለውን ፊደል መጫን ነበር ያለበት። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ሄልፕን ከፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ላይብረሪያችሁን በሄልፕም ከፍታችሁ እዩት። መጀመሪያ የሚታየው የሞጁሉ ማብራሪያ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለት መስመር ምሳሌ ብታስገቡ ድረ ገጹን የማያገኝ ሰው ያገኘዋል።

ስፊንክስን በተመለከተ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ማብራሪያውን ከኮዱ ውስጥ የሚሰበስበው አውቶዶክ ማብራሪያ ያልተጻፈለትን ፈንክሽን በዲፎልት ዝም ብሎ ይዘለዋል። በታች ሰረዝ የሚጀምሩትንም እንዲሁ። የኋለኛው ጥሩ ነው፤ ለውስጥ ሥራ የጻፋችሁት በዚያው ይደበቃል። የፊተኛው ግን አደገኛ ነው። ማብራሪያ መጻፍ የረሳችሁት ፈንክሽን ከገጹ ላይ ይጠፋል፣ እናንተም አታውቁትም። ያልተጻፈላቸውንም እንዲያሳይ የሚያደርገውን ምርጫ አንድ ጊዜ አብሩና ምን እንደጎደለ እዩ።

---

የማታ ክፍል (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የአውቶዶኩን ነገር ዛሬውኑ አብርቼ አየሁ። አራት ፈንክሽን ጠፍቶ ነበር። አንደኛው የዓመቱ ጳጉሜ ስድስት ቀን ያላት መሆኗን የሚመልሰው ነው። እኔ ስጮህበት የነበረው ፈንክሽን ራሱ ገጹ ላይ አልነበረም።

ትናንት ማታ የሁላችሁንም ሐሳብ ይዤ ገጹን አስተካክዬ ክፍል ወሰድኩት። ከላይ እንደ ጃቫዶኩ ሠንጠረዥ አደረግኩ። ምሳሌዎቹ ሁሉ ተዘርግተዋል፤ ከሦስት አይበልጡም። ፈንክሽኑ የገባበት ቨርዥን ከስሙ አጠገብ፣ እዚያው መስመር ላይ ሆነ። >>> ኮፒ ሲደረግ አብሮ አይመጣም፤ ታክሲ ላይ የማነብ፣ ያንተ ነው። ቀለሙ የማሽኑን ይከተላል።

ከዚያ ያቺን ተማሪዬን «ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ቀይሪ» አልኳት። ምንም አልነገርኳትም። ሠንጠረዡን ነካች፣ ወረደች፣ ምሳሌውን አየችና እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «መምህር፣ ይሄ ቀን የለም እኮ» አለችኝ። ኮዱን ገና አልጻፈችም ነበር።

ጓደኛዬ አሁንም አልተስማማም። የስህተቶቹ ዝርዝር ቢያንስ ይታጠፍ ይላል፤ ገጹ ሁሉ ስለ ስህተት ሲያወራ ጀማሪን ያስፈራል ባይ ነው። የሚለው ነገር እውነት አለው፤ ተማሪዎቼን አውቃቸዋለሁ፣ ይፈራሉ። ለጊዜው የስህተቱን ዝርዝር አጥፌዋለሁ፣ በዚያው በዲቴይልስ ታግ። የጳጉሜው ብቻ ምሳሌው ውስጥ ስላለ ክፍት ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ሁለት ተማሪዎች ቤታቸው ኢንተርኔት ስለሌለ ገጹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው አሳትመውታል። ወረቀቱን አየሁት። የታጠፈው ቦታ ላይ «ስህተቶች» የሚል ርዕስና ቀስት ብቻ ነው የታተመው። ወረቀት ላይ ደግሞ አይነካም። ይሄን የሚያውቅ አለ?

---

ብረት ለባሽ

አዎ፣ የተዘጋ ዲቴይልስ ሲታተም እንደተዘጋ ነው የሚወጣው። ብሮውዘር ከማተሙ በፊት «ቢፎርፕሪንት» የሚባል ኢቨንት ይልካል። እሱን ጠብቀህ በገጹ ላይ ያሉትን ዲቴይልሶች ሁሉ ክፈታቸው፣ «አፍተርፕሪንት» ሲመጣ መልሰህ ዝጋቸው። አምስት መስመር ጃቫስክሪፕት አይሞላም። ዳርክ ላይ ያለ ማሽንም ሲያትም በነጭ እንዲሆን ለማተሚያ የሚሆነውን ሲኤስኤስ ለብቻ ጻፍ፤ አለበለዚያ አንዳንዱ ማሽን ላይ ነጣ ያለ ፊደል በነጭ ወረቀት ይወጣና አይነበብም።

---

ታክሲ ላይ የማነብ

መምህር፣ ገጹን በስልኬ አየሁት። ስሙን ስነካው ወረደልኝ፣ ጣቴ አልደከመም። ምሳሌው ክፍት መሆኑም አልከበደኝም። ከታች ወደ ሠንጠረዡ የሚመልስ ቁልፍ ግን የለውም፤ እሱን ቢያስገቡልን።